ዕዳ የሠራው ጸሎት ቤት

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በኮርንዎል፣ ሬድሩዝ ከተማ ዙሪያ ባሉት የድሮ ማዕድን ቆፋሪዎች መንደሮች የሚያልፍ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ስድሳ ሰባ ቤት ብቻ ባለበት መንደር ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ጸሎት ቤት ቆሞ ያያል። ሦስቱም ሜቶዲስት የሚባለው የፕሮቴስታንት ወገን ናቸው። አንዱ መኖሪያ ቤት ሆኗል፣ አንዱ የዕቃ መጋዘን ነው፣ ሦስተኛው እሑድ እሑድ ጥቂት ሰዎችን ይዞ ዛሬም ይከፈታል። ስለ መጋዘኑ የጠየቅኋቸው አንዲት አሮጊት «እሱስ የኛ አልነበረም፤ የኛ ከመንገዱ ማዶ ያለው ነው» አሉኝ። ሁለቱ ወገኖች የተዋሐዱት በ1932 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፤ ሴትዮዋ ያኔ አልተወለዱም።

ይህ ነገር ሲከነክነኝ ቆየ። እምነታቸው አንድ ነው፣ መዝሙራቸው አንድ ነው፣ ከተዋሐዱም ዘመን አልፏል። ታዲያ እሳቸው ባልኖሩበት ዘመን የነበረውን ድንበር በልባቸው ያቆየው ምንድን ነው? የስብከት ልዩነት ነው እንዳልል፣ ሰባኪዎቹ ከድሮም ጀምሮ ይመሳሰሉ ነበር። መልሱን ያገኘሁት የጸሎት ቤቶቹን የሒሳብ ደብተርና የመሬት ውል ሳገላብጥ ነው። እነዚህን ቤቶች ያቆማቸው ስብከት ቢሆንም፣ የሰው ንብረት ያደረጋቸው ዕዳ ነው።

አንድ ፔኒ በሳምንት

ነገሩ የተጀመረው ከኮርንዎል ውጭ፣ በብሪስቶል ከተማ ነው። በ1739 የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሥራች ጆን ዌስሊ እዚያ «አዲሱ ክፍል» የተባለውን የስብከት ቤት ማሠራት ጀመረ። ለቤቱ አሥራ አንድ ባለአደራዎች ሾመ፤ ገንዘብ የማሰባሰቡንም ሆነ የግንባታውን ጣጣ እነሱ ይሸከሙታል ብሎ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከ150 ፓውንድ የሚበልጥ ዕዳ እሱው ጫንቃ ላይ ወደቀ። በዚህ መሀል ጆርጅ ዋይትፊልድና ሌሎች ወዳጆቹ ከለንደን ጻፉለት። ባለአደራዎቹ ሥልጣን እስካላቸው ድረስ ስብከትህ ያልጣማቸው ዕለት ከሠራኸው ቤት ያስወጡሃል፣ እነሱን ካላሰናበትክ እኛም አናዋጣም አሉት። ዌስሊ ሰዎቹን ሰብስቦ ውሉን ሰረዘው። ከዚያ በኋላ ቤቱም ዕዳውም የእሱ ብቻ ሆነ።

ዕዳው ግን በዚህ አልተከፈለም። የካቲት 15 ቀን 1742 ማኅበርተኞቹ እንዴት እንክፈለው ብለው ተሰበሰቡ። ካፒቴን ፎይ የተባለ የመርከብ ሰው ተነሥቶ ዕዳው እስኪያልቅ ድረስ እያንዳንዱ አባል በሳምንት አንድ ፔኒ ይስጥ አለ። ከመካከላቸው አንዱ ብዙዎቹ ድሆች ናቸው፣ ይህን እንኳ አይችሉም ሲል ተቃወመ። ፎይ መልስ ነበረው። ከሁሉ ድሆች የሆኑትን አሥራ አንድ ሰዎች ለእኔ ስጡኝ፤ በየሳምንቱ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ፤ ካላቸው ይሰጣሉ፣ ከሌላቸው የእነሱንም የእኔንም እኔ እከፍላለሁ፤ እናንተም እንደዚሁ አሥራ አንድ አሥራ አንድ ጎረቤት ያዙ፣ የጎደለውን ሙሉ አላቸው።

እኔ የሜቶዲስትን ጸሎት ቤት ታሪክ ሳስብ ደጋግሜ የምመለሰው ወደዚህች ስብሰባ ነው። ሒሳቡን ሥሩት። አሥራ ሁለት ሰው በሳምንት አሥራ ሁለት ፔኒ፣ ማለትም አንድ ሽልንግ ይሰጣል። በዓመት 52 ሽልንግ ነው፤ አንድ ፓውንድ ሃያ ሽልንግ ስለሆነ፣ 2 ፓውንድ ከ12 ሽልንግ። የ150 ፓውንድ ዕዳ በአንድ ዓመት እንዲያልቅ 58 ያህል እንዲህ ያለ ቡድን ያስፈልጋል፣ ወደ ሰባት መቶ ሰው ማለት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እዚህ ላይ በቁጥር ይታያል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ያሰበው ሰው አልነበረም። ሰብሳቢው በየሳምንቱ ደጃፍ ለደጃፍ ሲዞር የቤቱን ገመና ያያል። እገሌ ይሰክራል፣ እገሌ ከሚስቱ ተጣልቷል፣ እገሊት ታማለች። ይህን ለዌስሊ ነገሩት፤ እሱም ስንፈልገው የኖርነው ይኸው ነው ብሎ ሰብሳቢዎቹን የነፍስ ጠባቂዎች አደረጋቸው። የሜቶዲስት እምብርት የሆነው የአሥራ ሁለት ሰው ቡድን እንዲህ ተወለደ። እድር ያለበት ሰፈር ያደገ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። ወር በገባ ቁጥር መዋጮ የሚሰበስበው ዳኛ ለቅሶ የተቀመጠውንም፣ የታመመውንም፣ የተቸገረውንም ከሁሉ ቀድሞ ያውቃል።

ኮርንዎል ሲደርስ

ቻርልስ ዌስሊ ሰንት አይቭስ የደረሰው በሐምሌ 1743 ነው፤ ወንድሙ ጆን በነሐሴ መጨረሻ ተከተለው። ጆን ከዚያ እስከ 1789 ድረስ ከሠላሳ ጊዜ በላይ ተመላልሷል። መጀመሪያ ላይ አቀባበሉ መራራ ነበር። በ1744 ዌስሊ ሰንት አይቭስ ሲመለስ የስብከት ቤቱ ፈርሶ ጠበቀው። የእንግሊዝ አድሚራል ስፔኖችን አሸነፈ የሚል ወሬ ሲሰማ ሕዝቡ ደስታውን የገለጸው የሜቶዲስቶቹን ቤት በማፍረስ ነበር።

ትሪዊንት በምትባል መንደር ዲጎሪ ኢዝቤል የሚባል ግንበኛ ነበር። በ1743 ከዌስሊ ቀድመው የሚጓዙ ሁለት ሰባኪዎች ደጁን አንኳኩ። እሱ አልነበረም፤ ሚስቱ ኤልሳቤጥ ለእነሱ ዳቦና አይብ፣ ለፈረሶቻቸው ድርቆሽ ሰጠች። ኢዝቤል በኋላ መጽሐፈ ነገሥት ላይ ሱነማዊቷ ሴት ለኤልሳዕ ትንሽ ደርብ እንዳሠራች ሲያነብ ተነሥቶ በገዛ እጁ ከቤቱ ጎን ሁለት ክፍል ጨመረ፣ አንድ ከታች፣ አንድ ከላይ። ቤቱ ታድሶ ከ1950 ጀምሮ ለጎብኚ ክፍት ነው። ገብቶ ያየ ሰው የጸሎት ቤቱ መነሻ ልኩ ምን ያህል እንደነበር ይገባዋል። የአንድ ገበሬ ሳሎን ያህል ነው።

የግዌናፕ ጉድጓድ ደግሞ ጭራሽ ጣሪያ የለውም። ከሥሩ በተቆፈረ ማዕድን ምክንያት መሬቱ የሰመጠበት ጎድጓዳ ቦታ ነው። በመስከረም 1762 ነፋሱ አላናግር ሲለው ዌስሊ ወደዚያ ወረደና ድምፁ የሚሰማበትን ስፍራ አገኘ። በጠቅላላው አሥራ ስምንት ጊዜ ሰብኮበታል። በ1773 ከ32 ሺህ በላይ ሰው እንደተሰበሰበ በማስታወሻው ጽፏል፤ ግምቱ የራሱ ስለሆነ እኔ በጥንቃቄ ነው የማየው። ዌስሊ ከሞተ በኋላ፣ በ1806፣ የአካባቢው የማዕድን ሰዎች ቦታውን አጥብበው ዛሬ የሚታየውን ክብ የእርከን መቀመጫ ሠሩለት፤ አሁን ቢበዛ ሁለት ሺህ ሰው ያህል ይይዛል። ከ1807 ጀምሮ በጰራቅሊጦስ ሰሞን የአምልኮ ጉባኤ ሲደረግበት ኖሯል።

መሬቱ የማን ነው?

እንግዲህ ግድግዳ ለማቆም መሬት ያስፈልጋል፤ የኮርንዎል መሬት ደግሞ በጥቂት ትልልቅ ባለርስቶች እጅ ነበር። ባለርስቶቹ መሸጥ አይወዱም። የሚሰጡት «የሦስት ሰው ዕድሜ» የሚባል ሊዝ ነው። ተከራዩ በሕይወት ያሉ ሦስት ሰዎች ስም ያስመዘግባል፤ ሊዙ የሚጸናው ከሦስቱ የመጨረሻው እስኪሞት ወይም 99 ዓመት እስኪሞላ፣ ከሁለቱ ቀድሞ እስከመጣው ድረስ ነው። አንዱ ሲሞት በሌላ ስም ለመተካት ለባለርስቱ ገንዘብ ይከፈላል። ሦስቱም ካለቁ መሬቱ በላዩ ከተሠራው ጋር ወደ ባለርስቱ ይመለሳል።

ጸሎት ቤትም የሚሠራው በዚሁ ሊዝ ላይ ነበር። ስለዚህ ብልሆቹ ባለአደራዎች የሚያስመዘግቡት የሽማግሌ ስም ሳይሆን የጤነኛ ልጆችን ስም ነበር። ያም ቢሆን ማዕድን አገር ነው፤ ልጅ በወረርሽኝ፣ ጎረምሳ በጉድጓድ ውስጥ አደጋ ይሞታል። የቀድሞዎቹ ጸሎት ቤቶች ለምን ትናንሽና ርካሽ እንደሆኑ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የሌላ ሰው ሊሆን በሚችል ቤት ላይ ማን ጥርብ ድንጋይ ያፈሳል? ባለአደራዎች መሬቱን በግድ ገዝተው የራሳቸው ማድረግ እንዲችሉ ሕግ የወጣው በ1920 ነው፤ ለብዙዎቹ እጅግ ዘግይቶ።

ሕጉ ሌላም ወጥመድ ነበረው። ከ1736 ጀምሮ ለበጎ አድራጎት መሬት የሚሰጥ ሰው ሰነዱን በሁለት ምስክር ፊት መፈረም፣ ሰነዱም በስድስት ወር ውስጥ በለንደን ፍርድ ቤት መመዝገብ ነበረበት። መሬቱ በስጦታ የተገኘ ከሆነ ሰጪው ከፈረመ በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት መኖር ነበረበት። ለንደን የሚልከው ጠበቃ ያልነበረው መንደር ምዝገባውን ከዘነጋ ውሉ ዋጋ አይኖረውም ነበር።

ቤቱን ማን ያዝዘዋል ለሚለው ጥያቄ ደግሞ ዌስሊ በ1763 አንድ ወጥ የባለአደራነት ሰነድ አወጣ። ባለአደራዎቹ ቤቱን ይይዛሉ፣ ዕዳውን ይሸከማሉ፤ ማን እንደሚሰብክ የሚወስነው ግን ዌስሊ ነው፣ ከእሱ በኋላ ደግሞ የሰባኪዎቹ ዓመታዊ ጉባኤ። በመድረኩ ላይም ከዌስሊ የአዲስ ኪዳን ማብራሪያና ከአራት ቅጽ ስብከቶቹ ውጭ የሆነ ትምህርት አይሰማም። በ1784 ጉባኤው በስም የተዘረዘሩ መቶ ሰባኪዎች ናቸው ብሎ በሕግ አጸናው። የብሪስቶሉን ችግር የፈታው በዚህ ነው። አዲስ ችግርም ፈጠረ፤ ከፋዩና አዛዡ ሁለት ሆኑ። በመንደሩ ውስጥ ሦስት ጸሎት ቤት የመጣው በዚህ ስንጥቅ በኩል ይመስለኛል።

ለምን ሦስት?

ዊልያም ኦብራያን ኮርንዎላዊ ሰባኪ ነበር። ከተመደበለት ወረዳ ውጭ እየሄደ ሰበከ ተብሎ ከዌስሊ ማኅበር ተባረረ። በጥቅምት 1815 በጎረቤቱ አውራጃ በዴቨን፣ ሼበር አካባቢ በአንድ የገበሬ ቤት ውስጥ 22 አባላት ይዞ «ባይብል ክርስቲያን» የተባለውን ማኅበር ጀመረ። የዌስሊ ጉባኤ በ1803 የሴቶችን ስብከት ሲገድብ፣ እነዚህ ከመጀመሪያው ሴቶችን ሰባኪ አድርገው ላኩ። በ1835 ደግሞ የጉባኤውን ሥልጣን የተቃወሙ ሌሎች ተገነጠሉ፤ ከመሰሎቻቸው ጋር በ1857 ተዋሕደው «ነጻ ሜቶዲስት» ሆኑ።

የወጣ ሁሉ ቤቱን ትቶ ነው የሚወጣው፤ ሰነዱ ለጉባኤው ይፈርዳልና። ስለዚህ አዲስ ቤት ይሠራል፣ አዲስ ዕዳ ይገባል። የመንደሩ ሦስት ጸሎት ቤቶች በዚህ መንገድ ይለያሉ። ትልቁ፣ በዋናው መንገድ ላይ ያለው፣ የማዕድን አለቆችና ባለሱቆች የሚቀመጡበት የዌስሊ ወገን ነው። ከመንደሩ ዳር ያለችው ትንሿ የባይብል ክርስቲያኖች ናት። ከትልቁ ፊት ለፊት በእልህ የቆመው ብዙውን ጊዜ የተገነጠሉት ነው።

ቢሊ ብሬይን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በ1794 ትዌልቭሄድስ መንደር የተወለደ ማዕድን ቆፋሪ ነው፤ በ1823 ጠጪነቱን ትቶ ባይብል ክርስቲያን ሆነ። እናቱ በሰጠችው ቁራሽ መሬት ላይ መሠረቱን ራሱ ቆፍሮ ቤቴል የተባለውን ጸሎት ቤት ሠራ። የማዕድን ፈረቃውን ጨርሶ ይወጣና ድንጋይ ይለቅማል፣ ገንዘብ ይለምናል፣ ማታ ይሰብካል። ሁለተኛው ኬርሊ ዳውንስ ላይ ያለው ነው፤ ሦስት መስኮት ስላለው «ሦስት ዓይን» ይሉታል፤ ዛሬም ቆሟል። ሦስተኛውንና ሰፊውን ካራራክ አጠገብ ሠራ። የልጆች ቤት ያህል ጠባብ ጸሎት ቤት እንዲህ ሲሠራ የነበረው እጅ የቀን ሥራው ከመሬት በታች እንደነበር ሳስብ፣ አሮጊቷ «የኛ» ያሉት ቤት ለምን በውሕደት እንዳልተፋቀ ይታየኛል።

ግድግዳውን ማንበብ

ሰነድ ሳይከፍት ብዙ ነገር ከድንጋዩ ማወቅ ይቻላል። ከፊት ለፊት ይጀመር። የፊቱ ግድግዳ ጥርብ ግራናይት፣ የጎኑና የኋላው ግን በኖራ የተያያዘ ጥፍጥፍ ጥቁር ድንጋይ ከሆነ ገንዘቡ እዚያ ላይ አልቋል ማለት ነው። ከመሬት ሦስት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የግንቡ ድንጋይ ዓይነት ከተለወጠ ቤቱ በኋላ ሽቅብ ተጨምሮለታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ሰው በዝቶ ውስጡ ሰገነት ስላስፈለገ ነው። መስኮቶቹ በሁለት መደዳ ከሆኑ ሰገነት አለ። አራት ማዕዘን፣ እንደ መኖሪያ ቤት ያለ መስኮት ቀደምት ነው፤ አናቱ ክብ የሆነው በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የተለመደ ነው፤ አናቱ ሹል ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከ1860ዎቹ ወዲህ ነው።

በግንባሩ ላይ የተቀረጸውን ዓመት ግን ቶሎ አትመኑ። ዓመቱ የመጀመሪያውን ቤት ሊሆን ይችላል፣ ወይም የታደሰበትን። ከጎኑ አነስ ያለ ቤት ካለ በሩን ተመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ የድሮው ጸሎት ቤት እሱ ነው፣ ትልቁ ሲሠራ የሰንበት ትምህርት ቤት ሆኖ ቀርቷል።

ዌስሊ ራሱ ስለ ውስጡ ያወጣው መመሪያ ዝርዝር ነበር። መስኮቱ ወደ ታች የሚከፈት ይሁን፤ በርሜል የመሰለ መድረክ አይሠራ፣ አራት ማዕዘን ሆኖ ወደ ፊት ወጣ ያለና ከኋላው ረጅም መቀመጫ ያለው ይሁን፤ አግዳሚ ወንበሩ መደገፊያ አይኑረው፤ ወንድና ሴት በመሀል በሚያልፍ አጥር ተለይተው ይቀመጡ። የመጨረሻው ለእኛ አገር ምእመን እንግዳ ነገር አይደለም። መደገፊያ የሌለው ወንበር ግን አልዘለቀም፤ መቀመጫ መከራየት ሲጀመር ከፋዩ መደገፊያም በርም ፈለገ።

የአባት ዕዳ ለልጅ

የመቀመጫ ኪራዩ የቤቱ ደም ሥር ነበር። አንድ ምሳሌ ላስላ። ባለአደራዎቹ 200 ፓውንድ በአምስት በመቶ ወለድ ተበደሩ እንበል፤ በዓመት 10 ፓውንድ ወለድ ይከፍላሉ። ሰማንያ መቀመጫ በሩብ ዓመት አንድ ሽልንግ ቢከራይ በዓመት 16 ፓውንድ ይገባል። የሚተርፈው 6 ፓውንድ ለመብራት ዘይት፣ ለጣሪያና ለፅዳት ነው። አርባ ሰው መንደሩን ጥሎ ቢሄድ ገቢው 8 ፓውንድ ይሆናል፤ ወለዱን እንኳ አይሸፍንም። ጉድለቱ የሚወርደው በባለአደራዎቹ የግል ኪስ ላይ ነው፤ ብድሩን የፈረሙት በስማቸው ነውና።

በ1866 የመዳብ ዋጋ ሲወድቅ የሆነው ይኸው ነው። ጉድጓዶቹ ተዘጉ፤ ቆፋሪው ወደ ደቡብ አውስትራሊያ፣ ወደ ሜክሲኮ፣ ወደ ካሊፎርኒያ ሄደ። በ1861 ከ369 ሺህ በላይ የነበረው የኮርንዎል ሕዝብ በ1901 ወደ 322 ሺህ ዝቅ ብሏል። የሄዱት እዚያም ሠሩ፤ በደቡብ አውስትራሊያ፣ በሙንታ ማዕድን ሰፈር በ1865 የተሠራው ጸሎት ቤት 1,250 ሰው ያስቀምጣል። የቀሩት ግን የአባት ዕዳ ለልጅ፣ የአፍንጫ እድፍ ለእጅ እንዲሉ የሄዱትን ድርሻ ጨምረው ከፈሉ። ሻይ አፍልተው፣ ባዛር አዘጋጅተው፣ ከውጭ የሚላክ ገንዘብ ጠብቀው። እዚህ ላይ ዓረብ አገርና አሜሪካ ሆኖ ለትውልድ መንደሩ ቤተ ክርስቲያን የሚያዋጣ አንባቢ የሚያውቀውን ነገር ያያል።

እንዲህ የተከፈለበትን ቤት በ1932 ተዋሐዱ ሲባል ዝጉ ማለት ቀላል አልነበረም። ጉባኤው በለንደን ሲዋሐድ በመንደር ያሉት ባለአደራዎች ለብዙ ዓመታት ለየብቻ ቀጠሉ። የየጸሎት ቤቱን አሮጌ ሰነድ በአንድ ሕግ ሥር ያዋሐደው የ1976ቱ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሕግ ነው።

ዛሬ ለሚገዛው

በእንግሊዝ ያሉ የእኛ ማኅበረ ምእመናንም የተዘጋ ጸሎት ቤት የሚከራዩበትና የሚገዙበት ጊዜ ስላለ ይህን በግልጽ ልጻፍ። አስቀድሞ የሚታየው ጣሪያው ነው። የኮርንዎል ጣሪያ ስስ የተፈጥሮ ድንጋይ ንጣፍ ነው፤ በአግባቡ ከተያዘ መቶ ዓመት ይሻገራል። ሲያፈስ ግን ብዙዎች ርካሹን መንገድ መርጠው ከላይ በቀጭን ሲሚንቶ ለበጡት። ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፣ ውሃ ይገባል፣ ተመልሶ አይወጣም፤ ከሥሩ ያለው ማገር ይበሰብሳል። ሲፈታም ንጣፉ ከሲሚንቶው ጋር ተጣብቆ ስለሚሰበር ዳግም አይሠራም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጣሪያ ካያችሁ ሙሉ የጣሪያ ዋጋ ከመግዣው ዋጋ ላይ ቀንሱ።

በግድግዳውም እንደዚያው ነው። በኖራ የተገነባ ግንብ እርጥበቱን በኖራው በኩል ይተነፍሳል፤ በሲሚንቶ ከተለሰነ ውሃው ወደ ውስጥ ይዞራል፣ ልስኑም ይረግፋል። ወለሉ ከእንጨት ከሆነ ከውጭ ከመሬት ከፍ ብለው ያሉትን የአየር ቀዳዳዎች ፈልጉ፤ ብርድ ለመከላከል ተብሎ ከተደፈኑ ከሥር ያለው እንጨት በሻጋታ ተበልቷል ብላችሁ ጠርጥሩ። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ በኃይለኛ ማሞቂያ የሚሞቅ ቤት ደግሞ ጤዛ ያንጠባጥባል፤ በዝግታ፣ ለረጅም ሰዓት ማሞቅ ይሻላል።

ከወረቀቱ በኩል ሁለት ነገር ይጠየቅ። ቤቱ ወደ መኖሪያነት ተለውጦ ከሆነ መልሶ የአምልኮ ቦታ ለማድረግ ከአካባቢው ምክር ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የአምልኮ ቦታ በእንግሊዝ አሠራር ኤፍ 1 በሚባለው ምድብ ውስጥ ነው። ሜቶዲስቶቹ ሲሸጡም በቤቱ ውስጥ አልኮልና ቁማር እንዳይኖር የሚከለክል ግዴታ ብዙ ጊዜ በውሉ ያስገባሉ፤ ለማኅበር አዳራሽ የምትገዙ ከሆነ ሠርግ ላይ ይመጣባችኋል። ግቢው ውስጥ መቃብር ካለ የሟች ቤተሰቦች የመግባት መብት ምን እንደሆነ ከመፈረም በፊት ይታወቅ።

የሒሳብ ደብተሮቹና ሰነዶቹ በብዛት የሚገኙት ሬድሩዝ ውስጥ፣ ከድሮ ቢራ ፋብሪካ ተለውጦ በ2019 በተከፈተው ክሬሰን ከርኖው በተባለው የታሪክ ማኅደር ነው። ጠበቃው የመሬት ውሉን ሲያይ ሌላ ሰው እዚያ ሄዶ የባለአደራዎቹን የወጪ መዝገብ ቢያነብ ጥሩ ነው። ጣሪያው መቼ እንደተከደነ፣ ማን እንደሠራው፣ የተገዛው ኖራ ይሁን ሲሚንቶ፣ ከእያንዳንዱ ሽልንግ ጎን ተጽፎ ይገኛል።